እጁ ወፍጮው ላይ ነው

ከአማቴ ከእማማ ኢቶ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ስኖር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ሳንጨቃጨቅ የዋልንበት ቀን ካለ እኔ አላስታውሰውም። በጨው እንጣላለን፣ በመጥረጊያ አቀማመጥ እንጣላለን፣ ዶሮዎቹ መቼ ይግቡ በሚለው እንጣላለን። "ቱዳ!" ብለው ሲጠሩኝ የሆነ ዕቃ የሰበርኩ ነው የሚመስለው። ይህን የምነግራችሁ ሴትዮዋን ለማሞገስ አንድም ምክንያት እንደሌለኝ እንድታውቁት ነው። የዚያን ማክሰኞ ያየሁት ነገር ግን ዛሬም ትዝ ሲለኝ ሰውነቴን ይወርረኛል።

ግቢያችን መሐል፣ ከበለሱ ሥር፣ አንድ የእጅ ወፍጮ አለ። ሁለት ክብ ድንጋይ ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተቀምጦ የላይኛው የእንጨት እጀታ ተተክሎበታል። ዱቄት ከሱቅ መግዛት ከጀመርን ወዲህ ብዙም አንፈጭበትም። እኔ የልብስ ሳሙና አስቀምጥበታለሁ፤ በእሱም እንጣላለን። እማማ ኢቶ ለሰፈሩ ልጆች ደጋግመው የሚያወሩት አንድ ወሬ ነበራቸው። በሴት አያታቸው ጊዜ፣ ሰው ሁሉ በድንኳን በሚኖርበት ዘመን፣ የሚያሳድዱት ሰው ሮጦ ገብቶ የአንዲትን ሴት ወፍጮ እጀታ ከያዘና እሷም እህል ከጨመረችለት እንደ ልጇ ይቆጠራል። ነፍስ ያጠፋም ቢሆን፣ እጁ እጀታው ላይ እስካለ ጠላቱ ደጅ ላይ ይቀራል እንጂ አይነካውም። አያታቸው አንዱን ሰው እንዲህ አድርገው አትርፈዋል አሉ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሲሰሙ እኔ ምስር እየለቀምኩ በሆዴ "ውሸት እንዲህ ሲያምር" እል ነበር።

ከእነዚያ ልጆች አንዱ ባሱ ነው። አድጎ የሳተላይት ዲሽ ሠራተኛ ሆነ፤ በከተማችን ያልወጣበት ጣራ የለም። ነፋሱ ከተራራው ወርዶ ዲሽ ባጣመመ ቁጥር "ባሱን ጥሩት" ነው። የእማማ ኢቶን የቁርኣን ጣቢያም፣ እሳቸው "አላይም" የሚሉትን የቱርክ ድራማም የሚያስተካክለው እሱ ነበር። ባሌ ሐሙ ታክሲ ነጂ ነው። እሱና ባሱ ጣራችን ላይ ተቀምጠው ዳቦ በወይራ እየበሉ ሲሳሳቁ ከታች እሰማቸው ነበር።

በዚያ ጸደይ ክፉ ነገር በስልክ መጣ። ወንድ የሚወዱ ወንዶች ተደብቀው የሚገናኙበት የስልክ ገጽ አለ። ሥራ ያጡ ሰዎች በውሸት ስም እየገቡ፣ ፎቶ እየለቀሙ፣ "ጎረቤታችሁን እወቁት" እያሉ መበተን ጀመሩ። በእኛ ከተማ የተበተነው የባሱ ፎቶ ነበር። በማግስቱ ሁሉም ሰው "እኔስ ድሮም ጠርጥሬው ነበር" ባይ ሆነ። ሕጉ እንደሆነ ያስራል፣ እስከ ሦስት ዓመት። ከእስሩ በፊት የሚመጣውን ዱላ ግን የሚቆጣጠረው ሕግ የለም።

ሐሙ ስልኩን አይቶ ወደ ቧንቧው ሄደና እጁን በሳሙና ታጠበ። ደግሞ ታጠበ።

"ስንቴ ጨብጬዋለሁ!" አለ። "ዳግመኛ የዚያን ሰው እጅ ብነካ ይህ እጄ ይቆረጥ!"

"ጣራ ላይ ወይራ ስትጎራረሱ ምን ሆነህ ነበር?" አልኩት።

"አንቺ ዝም በይ!"

እማማ ኢቶ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ፣ "ጸያፍ ነው" አሉ። "ሁለተኛ በዚህ ቤት ስሙ እንዳይነሳ።" የዚያን ቀን የተጣላነው በሾርባው ጨው ብቻ ነው።

ማክሰኞ የገበያ ቀን ነው። አንሶላ አስጥቼ ጨርሼ እማማ ኢቶ ለሾርባ የሚሆን ገብስ ሲያበጥሩ እያየሁ ሳለ ከወደ መንገዱ ጩኸት ተነሣ። ወዲያው ከጣራ ወደ ጣራ የሚዘል የእግር ኮቴ ሰማሁ። እንደዚያ አድርጎ ጣራዎቻችንን የሚያውቃቸው አንድ ሰው ብቻ ነው። ባሱ ከጎረቤት ጣራ ዘሎ ከነልብስ ማስጫ ገመዴ ግቢያችን ውስጥ ወደቀ። አንድ እግሩ ጫማ የለውም፤ ግንባሩ ይደማል። ከውጭ "ኢቶ ቤት ገብቷል! ኢቶ ቤት!" ይላሉ።

ዙሪያውን አየ። እኔን አየኝ፣ እሳቸውን አየ፣ ከዚያ በጉልበቱ እየዳኸ ሄዶ የወፍጮውን እጀታ በሁለት እጁ ያዘ። ሳሙናዬ ተንከባሎ ወደቀ።

"እማማ፣ ይዣለሁ" አለ። "ወፍጮውን ይዣለሁ።"

"እጅህን አንሳ! ከወፍጮዬ ላይ እጅህን አንሳ፣ አንተ ርኩስ!"

"እርስዎ ነዎት የነገሩን።"

"ለሰው ነው የነገርኩት!"

"እኔስ ምንድነኝ፣ እማማ?"

እማማ ኢቶ ፊታቸውን ወደ ሰፌዳቸው መለሱ። ባሱ ድንጋዩን ማዞር ጀመረ። ባዶ ወፍጮ ሲዞር የሚያወጣው ድምፅ ጥርስ ያስነክሳል፤ ድንጋይ በድንጋይ ይፋጫል።

"ባዶውን አታዙረው! ድንጋዩ ይበላላል!" ብለው ጮኹበት።

እሱ እያለቀሰ ማዞሩን ቀጠለ። ያን ጊዜ እማማ ኢቶ ተነሡ። ከሰፌዱ ላይ ገብስ በእጃቸው ዘግነው መጥተው ጭብጣቸውን ከወፍጮው አፍ በላይ ያዙ። እዚያው ቆሙ። በሩ በዱላ ይደበደባል፤ የሳቸው ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ጭብጣቸው አልተፈታም። ምን እያደረጉ እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው። ያ እህል ከወረደ ልጁን ተቀበሉት ማለት ነው፤ ካልወረደ ባሱ አለቀለት። ያን ወሬ ሃያ ዓመት ሙሉ ውሸት ስለው የኖርኩ ሴት እጃቸውን እጠብቅ ጀመር።

ጭብጣቸው ተፈታ። ገብሱ ሲወርድ የወፍጮው ጩኸት ተለወጠና ዝግ ያለ ጉርምርምታ ሆነ።

"ቀስ ብለህ" አሉት። "ቀስ ተብሎ ነው የሚፈጨው።"

ከዚያ ቀሚሳቸውን አራግፈው ሄደው በሩን ራሳቸው ከፈቱ። መንገዱ በወንድ ተሞልቷል። ከፊት የቆመው ባለሉካንዳው መይሙን ነው። ሚስቱን ሲደበድባት ጩኸቷ ገበያ ድረስ ይሰማል፤ በእሱ ደጅ ላይ የተሰበሰበ ወንድ ግን አይቼ አላውቅም። ከመይሙን ጎን ቆሞ የነበረው ደግሞ ባሌ ሐሙ ነው።

"እማማ ኢቶ፣ ያንን ሰዶማዊ አውጡልን" አለ መይሙን። "ከእርስዎ ጋር ጉዳይ የለንም።"

"እጁ ወፍጮው ላይ ነው።"

ወጣቶቹ ሳቁ። "የምን ወፍጮ?" "አሮጊቷ ቃዡ እንዴ?" ተባባሉ። ሽማግሌዎቹ ግን አልሳቁም። አንዱ ከኋላ፣ "እህል ገብቶበታል?" ብለው ጠየቁ።

"ስሙታ" አሉ እማማ ኢቶ።

ሁሉም ጸጥ ሲሉ ከግቢው የወፍጮው ጉርምርምታ ተሰማ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲህ እኔ የለሁበትም" አሉና ዘወር ብለው መንገዳቸውን ሄዱ። ሌሎች ሁለት ሦስት ሽማግሌዎችም ተከተሏቸው።

ሐሙ ወደ ፊት መጣ። ፊቱ ደም መስሏል። "እማ፣ ተይ" አለ። "ስማችን ይጠፋል። ከነገ ጀምሮ ማን ታክሲዬ ላይ ይወጣል? የራሴ ቤት ነው፤ ገብቼ አወጣዋለሁ።"

"አንድ እርምጃ ጨምር፣ ሐሙ" አሉ፤ እጃቸው ደረታቸው ላይ ቀሚሳቸውን የሚያያይዘውን የብር መቆለፊያ ያዘ። "አንድ ብቻ ጨምር። ያጠባሁህን ጡት በዚህ ሁሉ ወንድ ፊት አውጥቼ እረግምሃለሁ።"

በእኛ አገር ከዚህ የሚከፋ እርግማን የለም፤ የተረገመውም ያየውም አይድንም ይባላል። መቆለፊያው ጠቅ ብሎ ተከፈተ። ከዚያ ያየሁትን በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር። መንገዱን የሞላው ወንድ ሁሉ ዞረ። ዱላ የያዘውም ስልክ የያዘውም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ መይሙን ያ ግዙፍ ሰውዬ ዓይኖቹን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሐሙ እዚያው ቁጢጥ ብሎ መሬት መሬት ያያል። እኔ ከኋላቸው ቆሜያለሁ። ከፊቴ ያለችው በጨው የምጨቃጨቃት፣ ነፋስ የሚያንገዳግዳት ቀጭን አሮጊት ናት። አላህ ሆይ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የኖርኩት ከማን ጋር ነው? አልኩ።

"እሺ፣ እማማ፣ ይዝጉት" አለ መይሙን፣ ፊቱን ሳይመልስ። "ወፍጮው ላይ እስካለ አንነካውም። ግን ወፍጮ እግር የለውም፤ እኛ እዚሁ እንጠብቃለን። ለፖሊስም ደውለናል፤ አሁን ይደርሳሉ። መንግሥት ደግሞ የእርስዎን ወፍጮ አያውቅም።"

እማማ ኢቶ መቆለፊያቸውን ዘጉ፤ ሐሙን በእጅጌው ጎትተው አስገቡትና በሩን ቀረቀሩት። ሐሙ ከባሱ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ወደ እሱ አልዞረም። "ፖሊስ ሳይደርስ ትልቁ ከተማ፣ መክነስ አውቶቡስ ተራ ላድርሰው" አለ። "በጓሮ አውጥቼ፣ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ከትቼ፣ ብርድ ልብስ አለብሰዋለሁ።"

"በግ ነው?" አሉ እናቱ።

"ታዲያ እንዴት ላድርግ፣ እማ? ወፍጮውን ከለቀቀ ይገድሉታል!"

እማማ ኢቶ ወፍጮውን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ቱዳ፣ ነይ አንሺ።"

"ምኑን?"

"የላይኛውን ድንጋይ ነዋ!"

ሁለታችን ተጋግዘን አነሣነው፤ የታችኛው ድንጋይ ዱቄት እንደለበሰ ቀረ። ባሱ ድንጋዩን ታቅፎ ቆመ፤ ቀኝ እጁ ግን ከእጀታው አልተነሣም። እማማ ኢቶ በሻሻቸው ጫፍ የግንባሩን ደም ጠረጉለት።

"እማማ" አለ፣ "እንደ እኔ ያለውን ሰው ይጠላሉ?"

"ስትገባ እሱን አልጠየቅከኝም። ወፍጮዬን ያዝክ፤ አለቀ።"

በጓሮ አልወጣንም። እማማ ኢቶ ከፊት፣ ባሱ ድንጋዩን ታቅፎ ከመሐል፣ እኔና ሐሙ ከኋላ ሆነን በዋናው በር ወጣን። የተቀመጡት ሁሉ ብድግ አሉ። መይሙን ድንጋዩን አየ፤ እጀታውን የያዘውን የባሱን እጅ አየ።

"እግር የለውም ብለህ ነበር" አሉት እማማ ኢቶ። "ይኸው አበቀለ።"

ሳቄ አመለጠኝ። በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሐል ብቻዬን ሳቅሁ።

ታክሲው ጋ ስንደርስ ባሱ ወደ ኋላው በር ሲያመራ እማማ ኢቶ፣ "ከፊት!" አሉ። ድንጋዩን ጭኑ ላይ አድርጎ ከሐሙ ጎን ተቀመጠ። በእሱ በኩል ያለው መስታወት ከተሰበረ ቆይቷል፤ አይዘጋም።

ወደ መክነስ የሚያወጣው መንገድ በገበያው መሐል ነው። ወሬው ቀድሞን ደርሷል። በጉም ሽንኩርቱም ሰዉም መንገዱን ዘግቶታል፤ ሐሙ በዝግታ ከመግፋት ሌላ ምርጫ የለውም። ጣራችንን በጥፊ ይመቱታል፤ የፊቱ መስታወት ላይ ምራቅ ተለጠፈ። "ሐሙ! አንተም ከእነሱ ሆንክ?" ይላሉ። አንድ ጎረምሳ በተሰበረው መስታወት በኩል እየሮጠ፣ "እጁን እዩ! ሲለቅ ጠብቁ! ሲለቅ ጎትቱት!" እያለ ይጮኻል። ገበያው በሙሉ ያንን እጅ ነበር የሚያየው። እኔም ከኋላ ሆኜ ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም። ባሱ ተዳክሟል። እጁ በላብና በደም ረጥቧል፤ መኪናው በነቀነቀን ቁጥር ድንጋዩ ወደ በሩ ይንሸራተታል፤ ጣቶቹ አንድ በአንድ ከእጀታው እየለቀቁ ነው። እማማ ኢቶ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ።

ሐሙ አየው። ከመሪው ላይ ቀኝ እጁን አነሣ፤ ማርሽ ሊቀይር መስሎኝ ነበር። ያንን በሳሙና ደጋግሞ ያጠበውን፣ ይቆረጥ ብሎ የማለበትን እጁን በባሱ እጅ ላይ አሳረፈና ከነእጀታው ጨበጠው። ቀና ብሎ ገበያውን በሙሉ አየ።

ጎረምሳው መሮጡን አቆመ። የበጎቹ ባለቤት በጎቹን ወደ ዳር ነዳ። ጣራውን የሚመታ እጅ ጠፋ፤ መንገዱም ተከፈተ። እኔ እያለቀስኩ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ ያን ጊዜ አላውቀውም ነበር።

ከከተማው ወጥተን ዝግባዎቹ መሐል ስንገባ እማማ ኢቶ ዓይናቸውን ገለጡ። ወደ ፊት አዩና እንደ ወትሮው ተቆጡ።

"በአንድ እጅ ነው እንዴ መኪና የሚነዳው?"

"ይበቃል፣ እማ" አለ ሐሙ። እጁን ግን አላነሣም።