ስታመን ያልገዛቸው መኪኖች

እህቴ ኔቬና የሞተችው ከሞንታና ከተማ ወደ እኛ በርኮቪትሳ በሚያመጣው መንገድ ላይ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ስትደርስ የመኪናዋ ፍሬን እምቢ አላት።

መኪናውን የገዛላት ባሏ ስታመን ነበር። የሸጠለት ሰው አብሮት ወታደር የነበረ ስለሆነ የዓመታዊ ምርመራ ታሪኩን ሳያይ ነው የተቀበለው። ኔቬና "እስቲ እየው" ብትለው "የጓደኛዬን ዕቃ እንደ ሌባ ዕቃ ልፈትሽ?" አላት። እኔም እዚያው ነበርኩ። አደጋውን የመረመሩት ፖሊሶች ሲያዩት መኪናው በዚያው ዓመት በፍሬኑ የተነሳ ቦሎ ተከልክሎ ኖሯል። ታርጋውን ኢንተርኔት ላይ ላስገባ ሰው ሁሉ የሚታይ ነገር ነው። የሸጠው ሰውዬ ስፔን ገብቶ ቀረ። ስታመን ግን ለቅሶው ላይ ብድግ ብሎ ሳያይ መግዛቱን በሰው ፊት ተናገረ፤ እንዲደበቅለት አልፈለገም።

ልጃቸው ራሊትሳ ያኔ ገና ተማሪ ቤት ነበረች። እናትም አባትም ሆኖ አሳደጋት። ጸጉር መጎንጎን እንኳ ከእኔ ተምሮ፣ በዚያ መጋዝ በያዘ ሻካራ እጁ ጠዋት ጠዋት ይጎነጉንላት ነበር። መሪ ግን ዳግመኛ አልጨበጠም። ወደሚሠራበት እንጨት መሰንጠቂያ በእግሩ ሄዶ በእግሩ ይመለሳል።

ራሊትሳ ነርስ ሆና ሞንታና ሆስፒታል ተቀጠረች። ከማታ ተራ ስትወጣ አውቶቡስ የለም። የሰው መኪና ስትለምን ከረመችና አንድ ቀን እራት ላይ "አባዬ፣ መኪና ያስፈልገኛል" አለችው። መንጃ ፈቃድ ያወጣችው ሳትነግረው ነበር።

ስታመን ማንኪያውን አስቀመጠ። "እኔ ያላየሁትን አትገዢም" አላት።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሦስታችን መኪና ስናይ እንውላለን። ስታመን ሳንነሳ በፊት ታርጋውን አስገብቶ ታሪኩን ያነባል፤ በየትኛው ዓመት ምን ጉድለት እንደተገኘበት፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ። ካነበበ በኋላ ረስቶት አያውቅም።

አንዱ ነጋዴ "ጋሼ፣ ሙሽራ በለው!" አለው ኮፈኑን መታ መታ እያደረገ።

"ሙሽራዋ አምና ሁለት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳ ነበር" አለው ስታመን። "ዘንድሮ መቶ ሃያ ሆናለች። ወደ ኋላ ነው እንዴ የምትነዳት?"

በዚያ ቀን እየሳቅን ተመለስን። ግን እውነተኛ ሻጭም ሲገኝ እምቢ ማለቱን ቀጠለ። አንዷ ገበሬ መኪናዋ አንድ ዓመት ምርመራ አልቀረበም ብሎ ሲይዛት "ጋጣ ውስጥ ቆሞ ነው" አለች።

"ለዚህ ማን ምስክር አለሽ?"

"ዶሮዎቹ! ዓመቱን ሙሉ ሲያድሩበት ነበር።"

ሌላው ደግሞ ትዕግሥቱ አልቆ "ወንድሜ፣ ልትገዛት ነው ወይስ ልታገባት? እስከ ሰባት ቤት ቆጠርክባት እኮ!" ብሎ ጮኸበት። ራሊትሳ ፊቷን አዞረች። ሆስፒታል ማርፈድ ጀምራ ነበር፤ አለቃዋም አስጠንቅቃታለች።

በመከር መጨረሻ ጋሽ ግሮዝዳን የሚባሉ ጡረተኛ የደን ጠባቂ ዓይናቸው ደክሞ መኪናቸውን እንደሚሸጡ ሰማን። ትንሽ አረንጓዴ መኪና ናት። በየዓመቱ ጊዜዋን ሳታሳልፍ ተመርምራ በየዓመቱ አልፋለች። ስታመን ታሪኩን አነበበ፣ እንደገና አነበበ፣ የሚይዘው ነገር አጣ። የሰፈሩ መካኒክ ኪሪል ጋራዡ አስገብቶ አነሳት፤ የፍሬኑን ቧንቧ፣ ጎማውን፣ ዝገቱን ሁሉ በመብራት አሳየው።

"ስታመን፣ አንተ ካልወሰድካት እኔ እወስዳታለሁ" አለው ኪሪል።

ስታመን ገብቶ መሪው ጋ ተቀመጠ። ከዚያ አደጋ ወዲህ መሪ ጋ ሲቀመጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሞተሩን አላስነሳም። ፍሬኑን ረገጠ። ለቀቀ። ደግሞ ረገጠ። ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ይረግጣል። ጋሽ ግሮዝዳን አጥርተው ስለማያዩ "ምን እየሆነ ነው?" ብለው ወደ እኔ ተጠጉ።

"ፍሬኑን እየሞከረ ነው ጋሼ" አልኳቸው።

ራሊትሳ በሩን ከፍታ እግሩ ሥር ቁጢጥ አለች። "አባዬ፣ ይይዛል። በቃ፣ ይይዛል።"

"ዛሬ ይይዛል።"

"ከዚህ በላይ የሚታይ ነገር የለም እኮ።"

"ለእናትሽም ያን ቀን ጠዋት ይዞላታል" አለና ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። አለቀሰ። ኪሪል መፍቻውን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ። እኔ የሟች እህት ነኝ፤ ለዓመታት ያልነገርኩት ቁጣ በሆዴ ነበረ። ያን ሰዓት ግን ክንዱን ይዤ ከማውጣት በቀር ምንም አልቻልኩም።

ጋሽ ግሮዝዳን ጨዋ ሰው ናቸው። "ትቆይሃለች፣ አስብበት" አሉት። ስታመን ግን ሳይደውልላቸው ቀረ፤ መኪናዋም ለሌላ ሰው ሄደች።

"ራስሽ ለምን አልገዛሻትም?" ብዬ ራሊትሳን ጠየቅኳት።

"እሱ ያለቀሰባትን መኪና ነድቼ እንዴት ግቢው ልግባ፣ አክስቴ?"

ሞንታና ክፍል ተከራየች። የሄደች ቀን ሻንጣዋን አውቶቡስ ተራ ድረስ የተሸከመው እሱ ነው። ከጫነላት በኋላ ጎንበስ ብሎ የአውቶቡሱን ጎማዎች አንድ በአንድ አየ፤ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ቦሎም አነበበ። ሾፌሩ "ጋሼ፣ ልትገዛው ነው?" ብሎ ቀለደ። አልሳቅንም።

ያ ክረምት ከበደው። ምግብ ይዤለት ስሄድ ምድጃው ሳይነድ አገኘዋለሁ። ልጅቷ እሑድ እሑድ ትደውላለች፤ በረዶው ሲብስ መምጣቱን ተወችው። "መንገዱ ጥሩ አይደለም፣ ባትመጪ ይሻላል" የሚላት እሱ ራሱ ነው። ስልኩን ከዘጋ በኋላ መስኮት ዳር ይቆማል።

ለፋሲካ ራሊትሳ መጣች። እኔና እሱ እንደ ልማዳችን የበዓሉን እንቁላል ቀይ ቀለም እየነከርን ሳለ የመኪና ድምፅ በሩ ላይ ቆመ። ራሷ ገዝታ፣ ራሷ ነድታ ነው የመጣችው። ስታመን የበዓል ልብሱን እንደለበሰ ወጣ። መኪናውን ዞረው። ከዚያ መሬት ላይ በጀርባው ተኝቶ ሥሩን ያይ ጀመር። ከልካይ አልነበረውም።

"ታሪኩን አየሽው?" አለ እዚያው ሥር ሆኖ።

"ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አይቼዋለሁ፣ አባዬ። አንተ እንዳሳየኸኝ።"

ጀርባው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ተነሳ። "ጥሩ አድርገሻል" አላት።

ወደ ኔቬና መቃብር ልንሄድ ስንነሳ ራሊትሳ የፊቱን በር ከፈተችለት። ስታመን እጁን ጣራው ላይ አሳረፈ፤ አንድ እግሩን አነሳ፤ መልሶ አወረደው። "እናንተ በመኪና ሂዱ፣ እኔ እደርስባችኋለሁ" አለ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

ልጅቷ አልተቆጣችም። ሞተሩን አጠፋች፣ መቃብሩ ላይ የምናኖራቸውን አበባና እንቁላሎች አወጣች፣ በሩን ቆልፋ ክንዱን ያዘችው። እየቀደሙ ሄዱ። እኔ ከኋላ ሆኜ የኮቱን ጭቃ እያየሁ ተከተልኳቸው።

በማግስቱ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ተሰናብታን ሄደች። ስታመን ቁልቁለቱን በዝግታ እንድትወርድ ደጋግሞ ነገራት። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቶ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ። ጥዬው ልሄድ አልሆነልኝም። ሲጮህ አነሳው፤ "ደርሻለሁ፣ አባዬ" ስትል እኔም ሰማሁ። ሊመልስላት አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋው።

"ሰምቷል፣ ልጄ" አልኳት። "ሰምቶሻል።"