ከኋላህ ማን ነው?

ያደሳ ኮልፌ አስራ ስምንት ማዞሪያ የታክሲ ተራ ማስከበር ከጀመረ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እስከ ዛሬ ለሥራው እስክሪብቶ ይዞ አያውቅም። ሰላሳ ሚኒባስ ተግተልትሎ ቢመጣ የትኛው ከየትኛው ቀድሞ እንደገባ በጭንቅላቱ ይዞ፣ ሹፌር ሊያጭበረብር ገና አፉን ሲከፍት «አንተ ከፍሬቻ ሰባራው ኋላ ነህ፤ ዝጋው!» ይለው ነበር።

«ነበር» ነው እንግዲህ። ኩላሊቱ ከደከመ ወዲህ ማክሰኞና አርብ ዲያሊሲስ ማሽን ላይ ይውላል። ደሙም ወርዶ ወርዶ ከጤነኛ ሰው ግማሽ ላይ ቆሟል። ሁለት ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል። እሱንስ ይችለዋል፤ ያልቻለው መርሳቱን ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱን ሚኒባስ ሁለቴ አስጫነው። ሹፌሮቹ ሁለት ቀን ሳቁ፤ በሦስተኛው ቀን የተራ አስከባሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ደሜ መጣ።

«ያደሳ፣ ሰኞ ጠዋት አጠገብህ እቆማለሁ። ከተሳሳትክ ፊሽካውን ትሰጠኛለህ። እኔም ወድጄ አይደለም።»

«ካልወደድከው ለምን ትመጣለህ?»

«ሊቀመንበር ነኛ!»

ያደሳ ተስፋው መርፌው ላይ ነበር። ሰውነት ደም እንዲያመርት የሚያደርግ መርፌ ነው። ደሙ ከፍ ሲል ድካሙም መርሳቱም ቀለል ሊል ይችላል ብሎታል ሐኪሙ፤ «ይችላል» የምትለዋን ሁለት ጊዜ ደጋግሞ። መድኃኒቱ ፍሪጅ ይፈልጋል፤ ያደሳ ቤት ደግሞ ፍሪጅ የለም። ስለዚህ ተራው ፊት ለፊት ሱቅ ላላት ለፈትያ አደራ ሰጣት። በማሽኑ ቀን አንድ ብልቃጥ ከእሷ ተቀብሎ በፔርሙዝ ይይዝና፣ በተዘጋጋ መንገድ ሁለት ሰዓት ተንፏቆ ይደርሳል፤ ነርሷ ሄቨን ትወጋዋለች። አምስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ደሙ ንቅንቅ አላለም።

አርብ ዕለት መንገዱ ምን እንደነካው እንጃ፣ ባዶ ነበር። በሃያ ደቂቃ ደረሰ። ሄቨን ብልቃጡን ብርሃን ላይ ያዘችው።

«ጋሽ ያደሳ፣ ይሄ እኮ በረዶ ነው።»

«ቀዝቃዛ ይሁን አላላችሁም?»

«ቀዝቃዛ ነው ያልነው! አንዴ በረዶ ከሠራ አይረባም። እስከ ዛሬም እንዲህ ነበር?»

ገባው። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ እየቀለጠ ነበር የሚደርሰው። አምስት ሳምንት ሙሉ የአዲስ አበባ መንገድ ጉዱን ሸፍኖለት ኖሯል።

ሄቨን ከክፍሉ ሌላ ፈልጋ ወጋችውና «ከዛሬ ነው የሚቆጠረው፤ ለውጡ ወርም ሁለት ወርም ይፈጃል» አለችው። ሰኞ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

ሲመለስ ፈትያ ሱቅ በር ላይ ሳጥን ስቦ ተቀመጠ።

«ፈትያ፣ መድኃኒቴን የት ነው የምታስቀምጪው?»

«ላይኛው ላይ ነዋ፣ ከበረዶው ጋር። መብራት በጠፋ ቁጥር የጋሼ መድኃኒት ተበላሸ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ እኮ። ምነው?»

ሊነግራት አፉን ከፈተ። የምትሸጠውን በረዶ ቀንሳ ነበር ለእሱ ቦታ የሰጠችው።

«ምንም። ከዛሬ ጀምሮ ታች፣ ከለስላሳው ጋር ይሁን ብለዋል።»

«እነሱ ደግሞ! አንድ ሐሳብ የላቸውም» አለች።

ሰኞ ጠዋት ደሜ እጁን ኋላ አጣምሮ ቆመ። አስራ አራት ሚኒባስ ገባ። ያደሳ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ጭንቅላቱ ላይ ጭጋግ ወረደበት። ሹፌሮቹ ወዲያው ሸተታቸው።

«ጋሼ፣ ተራው የኔ ነው!» አለ ኑሕ።

«ኧረ አንተ ሰው፣ አታፍርም? የኔ ነው!» አለ ለሊሳ።

ያደሳ ደከመው። ፊሽካውን ከአንገቱ ሊያወልቅ እጁን ሰደደ። ያኔ የእነዚህ ሰዎች ጠባይ ትዝ አለው፤ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሲዋሹት ኖረው እሱን እንዴት ይረሳል? ስለ ራሳቸው ተራ ይዋሻሉ፤ ቦታቸውን ሊቀማቸው የሚችለውን፣ ከኋላቸው ያለውን ግን ዓይናቸውን አይነቅሉበትም።

«ዝም በሉ! ኑሕ፣ ከኋላህ ማን ነው?»

«ጀማል!» አለ ኑሕ፣ ሳያስበው።

«ጀማል፣ ካንተስ?»

«ኢብራር ነዋ! ደግሞ እንዳታስቀድመው።»

«ለሊሳ፣ ካንተስ?»

«ይሄ ቀጣፊ ኑሕ!»

«እንግዲያ ለሊሳ ጫን። ኑሕ፣ ተከተል።»

ኑሕ ምላሱን ነከሰ። ደሜ አገጩን አከከ።

«ይሄ ማስታወስ ነው?»

«ተራው ተሳሳተ?»

«አልተሳሳተም።» ደሜ ወደ ፊሽካው አየ፤ እጁን ግን አልዘረጋም። «እንዲህ አስራ አራት ሰው እየጠየቅክ፣ መርፌው እስኪሠራ ያልከኝን ሁለት ወር ትዘልቀዋለህ?»

ያደሳ ከፈትያ በር ሳጥን ስቦ ቁጭ አለ።

«ነገ ማሽን ላይ ነኝ» አለ። «ረቡዕ እመልስልሃለሁ። ካስታወስከኝ።»