ያለ ቦታው የተጋጠመ ዘረ-መል

ኩማ ነገር ካልገባው ምግብ አይወርድለትም። ጭሮ ከተማ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል፤ ሐሳብ ከያዘው ግን ተራው ደርሶ ከኋላ ክላክስ እስኪጮህበት ድረስ መሪውን ጨብጦ ፈዞ ይቀራል። የሰሞኑ ሐሳቡ የታላቅ እህቱ የኮከቤ ደም ነበር።

ኮከቤ ልብስ ሰፊ ናት፤ እሁድ እሁድ ደግሞ በጸሎት ቤታቸው ትዘምራለች። ካቻምና ጉልበቷ ከድቷት፣ የግራ ጎኗ አብጦ፣ አዲስ አበባ ስትመረመር የደም ካንሰር አለብሽ ተባለች። ሐኪሙ ሲያስረዳት ኩማ አጠገቧ ነበር።

"ደም የሚሠራው መቅኔ ውስጥ ነው" አላት። "እዚያ አንዲት እናት ሴል ስትባዛ ሁለት ዘረ-መሎች ከየቦታቸው ተቆርጠው እርስ በርስ ተጋጠሙ። አንቺ ሰፊ ነሽ፤ የቀሚስ እጅጌ ከሱሪ ጋር እንደ መስፋት በይው።"

"ከእናታችን የወረስኩት ነው?"

"አይደለም። እዚያው አንቺ አጥንት ውስጥ የሆነ ነው። ጤነኛው ዘረ-መል ሴሎቹን 'ተባዙ' ይላል፤ ሲበቃም ዝም ይላል። ይሄኛው ዝም ማለት አያውቅም። የማዝልሽ ኪኒን አፉን ይይዝልናል።"

ኪኒኑም ያዘው። ኮከቤ ወዟ ተመለሰ፤ የደም ቆጠራዋም እንደ ጤነኛ ሰው ሆነ። ይህን በሰማች እሁድ መድረክ ላይ ወጥታ "ደሜ ንጹሕ ነው! ጌታ ፈውሶኛል!" ብላ መሰከረች። ጉባኤው በእልልታ ተናወጠ። ከዚያን ቀን ወዲያ ኪኒኑን አልነካችውም።

ኩማ ነገሩን ያወቀው ቆይቶ ነው።

"እትዬ፣ ምነው ተውሽው?"

"ተፈውሻለሁ ብዬ በሰው ፊት መስክሬ፣ ጓዳ ገብቼ ኪኒን ልዋጥ? ጌታን ውሸታም ላድርገው?"

"እሱን አላልኩም። ያቺ እናት ሴል የት ሄደች ነው የምለው።"

"አቦ ተወኝ! ባጃጅህን ንዳ!"

ነገሩን አልተወውም፤ እሷን መጠየቅ ብቻ ተወ። በማግስቱ ነርሷን ሲስተር ኑሃሚንን ከሆስፒታል ወደ ቤቷ ሲያደርሳት፣ ቆጠራው ጤነኛ ሆነ ማለት ያቺ ሴል ጠፋች ማለት ነው ወይ ብሎ መንገድ ላይ ጠየቃት።

"ቆጠራው ብዛትን ነው የሚያሳየው" አለችው። "የተጋጠመው ዘረ-መል መኖር አለመኖሩን የሚያየው ሌላ ምርመራ ነው፤ በስንት ጤነኛ ሴል መሃል የተደበቀውን እንኳ ያወጣዋል።"

"ጭራሽ የማይገኝባቸውስ አሉ?"

"አሉ። ለዓመታት ሳይታይ ቆይቶ፣ ሐኪም ራሱ መድኃኒቱን የሚያስቆማቸውም አሉ። እነሱንም ግን ቶሎ ቶሎ እየመረመረ ነው። ኧረ ቤቴን አለፍከው!"

ኩማ በደስታ እየበረረ እህቱ ሱቅ ደረሰ። የሰማውን ገና ሳይተነፍስ እማማ ሙሉመቤት ቀሚሳቸውን ሊወስዱ ገቡ፤ ከጸሎት ቤት የሚያውቋቸው አሮጊት ናቸው።

"ኮከቤ ልጄ፣ ተባረኪ! ያንቺን ምስክርነት ሰምቼ እኔም የስኳሬን መድኃኒት ጣልኩት።"

ኮከቤ ስፌቱን አቆመች። "እንዴ እማማ! እርስዎማ ይውሰዱ እንጂ!"

"አንቺ ጥለሽ እኔን ውሰጂ ትይኛለሽ? ያንቺ ጌታ ሌላ ነው?"

ኮከቤ ሴትዮዋን ምሳ እስኪደርስ ስትለምን ቆየች፤ እሳቸውም "አንቺ ስትጀምሪ እጀምራለሁ" ብለው ወጡ።

"ኩማ" አለች ቀስ ብላ፣ "ያቺን ሴል የሚያይ ምርመራ አለ እንዴ?"

"አለ።"

"ካልተገኘብኝስ?"

"መድረክ ላይ ከጎንሽ ቆሜ እዘምራለሁ።"

"ጉባኤውን ልትበትን ነው?" ብላ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም። "እሺ። ሴትዮዋን ግን ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ አድርሳቸው፤ የኔን ውጤት አይጠብቁ።"

እማማ ሙሉመቤት ኮከቤ ልትመረመር መሆኑን ሲሰሙ፣ እያጉረመረሙም ቢሆን ከኩማ ጋር ሐኪም ዘንድ ሄዱ። እህትና ወንድም ደግሞ በማለዳው አውቶቡስ ሚኤሶን አልፈው አዲስ አበባ ገቡ፤ ደም ሰጥተው ተመለሱ። ውጤቱ የገባው ሳምንታት አልፈው፣ በስልክ ነው። ኮከቤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ኩማም እንዲሰማ አደረገች።

"ተገኝቷል" አለ ሐኪሙ። "ገና ጥቂት ነው፤ ካልያዝነው ግን ይጨምራል። ቆጠራሽ ሳይበላሽ ደረስንበት። ኪኒኑን ዛሬውኑ ጀምሪ፤ በቅርቡ ትመጪና እንደገና እናያለን።"

ኩማ መሬት መሬት አየ። በልቡ እንዳይገኝ ሲጸልይ ነበር የከረመው።

ኮከቤ ምሳዋን አቀረበች። ጥቂት ጎርሳ፣ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ኪኒኑን በውሃ ዋጠችው።

"እሁድ እወጣና እነግራቸዋለሁ። የሚያዝን ይዘን።" የውሃውን ብርጭቆ አስቀመጠች። "ግን ኩማ፣ ያቺ ሴል መጀመሪያውኑ ለምን ተሳሳተች?"

"ሲስተር ኑሃሚንንም ሐኪሙንም ጠይቄ ነበር። አይታወቅም አሉኝ።"

"ማን ነው የማያውቀው?"

"ሁሉም።"

"በደንብ አልጠየቅክማ!" አለችና ወንበሯን ወደ እሱ ሳበች። "በል ለኑሃሚን ደውልልኝ፤ እኔ ልጠይቃት።"