ከታች ወደ ላይ የተቆጠረ ምርጫ

ልጄ ወለላ ሒሳብ ትወዳለች። ይህን የምጽፈው ሰው ሁሉ ሲስቅባት ስለ መረረኝ ነው። እናቷ ስትታመም ትማርበት ከነበረው ከጅማ ወደ ባሕር ዳር ተዛወረች፤ እዚህ የተቀበላት ኮሌጅ ስድስት የትምህርት ክፍል በቅደም ተከተል ምረጪ ብሎ ቅጽ ሰጣት። አንደኛ ሒሳብ፣ ስድስተኛ አካውንቲንግ ብላ ሞላች። አጠገቧ ነበርሁ፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሰኞ ዝርዝሩ ሲለጠፍ ስሟ አካውንቲንግ ላይ ተገኘ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልታረመ ይጸድቃል ተባለ።

እሷ መጥታ ነገረችኝና «ምን ይደረግ» አለች። እኔ ግን ዝም ማለት ድሮ በቅቶኛል። ጀልባ ከምጠግንበት ከሐይቁ ዳር፣ ሬንጁ ከእጄ ሳይለቅ፣ አስከትያት ሬጅስትራር ገባሁ።

ጸሐፊው ገድሉ ቅጹን አውጥቶ ሳቀ።

«አባቴ፣ እኔ እኮ ነኝ ያስተካከልሁላት! በዘጠኝ ዓመት ሥራዬ ሒሳብን አንደኛ ያለ ተማሪ አላየሁም፤ ሁሉም መጨረሻ ነው የሚያደርጉት። ተዛዋሪ ናት፣ ቅጹ ግር ብሏት ነው ብዬ ከታች ወደ ላይ ቆጠርሁላት። ሊመርቁኝ ሲገባ!»

«ማን ለመነህ?»

«እንዴ! ሒሳብ እኮ ውጤት ያነሰው የሚጣልበት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ አስተማሪ ሆና ጠመኔ ስትቅም ትኑር?» ከዚያ እጄን አየት አደረገና፣ «ደግሞስ እርስዎ ይህን ከየት ያውቁታል?» አለኝ።

ይህችን ቃል አውቃታለሁ። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ መምህር መርስዔ ኀዘን የሰጠንን የሒሳብ ጥያቄ በራሴ መንገድ ፈታሁ። መልሱ ልክ ነበር። «የጀልባ ጠጋኝ ልጅ ይህን ከየት ያውቃል? ከማን ኮረጅህ?» ብሎ ክፍሉ ሁሉ እያየ አንበረከከኝ። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልተመለስሁም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው፤ ጉልበቴ ግን አልረሳውም።

«እኔ ባላውቅ እሷ ታውቃለች፤ እሷን አትጠይቅም?» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት።

ያን ጊዜ ወለላ ተናገረች። «ጋሼ፣ ግር አላለኝም። አንደኛ ያልሁት አንደኛዬ ነው።»

«ኋላ ታለቅሻለሽ።»

«ባለቅስም ሒሳብ እየሠራሁ ነዋ!»

ገድሉ ወረቀት ወረወረልን። «እንግዲያው በገዛ ፈቃዴ ነው፣ ኋላ አቤት አልልም ብለሽ ፈርሚ። አባትሽም ይመስክሩ።» ሕክምናን የመረጠ እንዲህ ተብሎ ይፈርማል? እንደ ጥፋተኛ አስፈረማት። እሷ ግን እየሳቀች ፈረመች። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲል ገድሉ ዝርዝሩ ላይ ሒሳብ ብሎ አረመ።

እኔም ከስሟ ሥር ፈረምሁ። ሬንጁ ወረቀቱ ላይ ቀረ።

«አበላሹት እኮ!» አለ ገድሉ።

«ተወው፣» አልሁት፤ «ይታይ።»