አሥራ ሁለተኛው ስም

«በፈቃዱ የዘመተ ካለ እስቲ አንድ ሰው ጥሩልን!» አለ ዑመይር፤ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። አዳራሹ በጭብጨባና በፉጨት ተናጋ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ክርክር ከተጀመረ አርባ ደቂቃ አልፎታል። የታሪክ መምህሩ ፈቃደ ርዕሱን በሰሌዳው ላይ በትልልቁ ጽፎታል፦ «የደርግ ዘመኑ ፕሬዚዳንት አመራር በጦርነት፣ በግብር እና በውጭ ግንኙነት ሲመዘን»። ማን እንደሚደግፍ፣ ማን እንደሚቃወም የተለየው በዕጣ ነበር። ተቃውሞው ለእነ ዑመይር፣ ድጋፉ ለእነ ኑኃሚን ደረሰ።

ዳኞቹ ሦስት ናቸው፤ ፈቃደ ራሱ፣ የበርበሬ ነጋዴው ሀብተጊዮርጊስ፣ እና በዘመኑ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር የነበሩት አቶ ፊልጶስ። ሀብተጊዮርጊስ ከወላጆች ኮሚቴ ተመርጦ ነው የመጣው። ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ግን አልነገሩትም። በሩ ላይ ሽማግሌውን ሲያይ ሊመለስ አስቦ ነበር፤ ተማሪዎቹ ተነሥተው ሲቀበሉት ግን መመለሱን ተወው። ሠላሳ ስድስት ዓመት በአንድ ከተማ ኖረው፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቆርበው፣ በእግዜር ሰላምታ ብቻ ሲተላለፉ ኖረዋል። አሁን በመካከላቸው አንድ የታሸገ ውኃ ጠርሙስ ብቻ ነው ያለው።

ኑኃሚን ወደ ድምፅ ማጉያው ቀረበች። የአቶ ፊልጶስ የልጅ ልጅ ናት። ቀጭን ናት፤ ድምጿ ግን አይሰበርም።

«ግብርን በተመለከተ ተናግሬያለሁ፤ ጭሰኛው የመሬት ባለቤት ሆኗል። ለባላባት ሲሶና እርቦ መክፈል ቀርቷል። በርካሽ ለመንግሥት የሚሸጠው የእህል ኮታ ገበሬውን እንደጎዳ አልክድም። የውጭ ግንኙነቱንም አንሥቻለሁ፤ አሜሪካ መሣሪያ ስትከለክል ከሶቪየት ባይገዛ ኖሮ ሶማሊያ የት ትደርስ ነበር?»

ሀብተጊዮርጊስ ሳያስበው ራሱን ነቀነቀ። አባቱ መስቃን ወረዳ ውስጥ የሰው መሬት ሲያርሱ ኖረው፣ በዚያ የመሬት አዋጅ ነው የራሴ የሚሉት ማሳ ያገኙት። ልጅቷ የተናገረችው እውነት ነው። በግብር ረድፍ ላይ ስምንት ጻፈላት።

«ጦርነቱን ደግሞ» አለች ኑኃሚን፣ «ስም ጥሩ ለተባለው፣ እጠራለሁ። ከአንድ ማኅበር አሥራ ሁለት ወጣቶች በፈቃዳቸው፣ እየዘፈኑ ሄደዋል። ይህን የነገሩኝ አያቴ ናቸው። ሊቀመንበሩ እሳቸው ነበሩ። እዚሁ ተቀምጠዋል።»

የሀብተጊዮርጊስ እስክሪብቶ ቆመ።

«ዳኛ ምስክር አይሆንም!» ዑመይር ተነሣ።

«ይናገሩ! ይናገሩ!» አለ ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ።

ፈቃደ ጸጥታ ለማስከበር እጁን አነሣ፤ አልሆነለትም። ከወሎ መጥቶ እዚህ ማስተማር ከጀመረ አራት ዓመቱ ነው፤ በሁለቱ ዳኞች መካከል ያለውን አያውቅም። «አባባ ፊልጶስ፣ በአጭሩ ይንገሩን» አለ።

አቶ ፊልጶስ ከዘራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። «ያው… እናት አገር ተጠራች። ልጆቹም ሄዱ» ብለው ተቀመጡ። ወደ ጎን አላዩም።

ጭብጨባው የኑኃሚንን ፊት አበራው። ሀብተጊዮርጊስ ዝም ካለ ያልፋል፤ እስካሁንም አልፏል። ከተናገረ ግን የሽማግሌውን ገመና በልጅ ልጃቸው ፊት ሊገልጥ ነው። እሷ ምን አጠፋች? ደግሞ ወንድሙ ዘመድኩን እየዘፈነ አልሄደም። ያን የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው ስንት ቀረ?

«መምህር፣ እኔም ነበርኩ» አለ።

ፈቃደ እንዲናገር በእጁ አመለከተው።

«ጥር ሰማንያ አንድ ነው። የማዳበሪያ ስብሰባ አለ ተብለን ወደ ማኅበሩ አዳራሽ ሄድን። በሩ ከውጭ ተቆለፈ። ስማችን ከወረቀት እየተነበበ ወደ መኪና ገባን። የዘፈነ የለም። እኔ ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ ዘመድኩን አሥራ ሰባት። እናቴ ነጠላዋን አንጥፋ ‹አንዱን እንኳ ተዉልኝ› ብላ ለመነች። ከጦርነቱ እኔ ተመለስኩ። እሱ ኤርትራ፣ ጊንዳዕ ላይ ቀረ።»

ሊቀመጥ ሲል ኑኃሚን ድምፅ ማጉያውን አጥብቃ ያዘች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ… ወረቀቱን የጻፈው ማን ነበር?»

ጥያቄውን የጠየቀችው ለመርታት አልነበረም። ፊቷ ላይ ያለው እልህ ጠፍቷል። ሀብተጊዮርጊስ የሚመልሰውን ያውቃል፤ ሁለት ቃል ነው፤ ምላሱ ላይ ደርሷል። አቶ ፊልጶስ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ሲጨብጡ አየ።

«ይህንስ አያትሽን ጠይቂ፤ ልጄ» አለ። «ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል።»

ሁሉም ዓይን ወደ ሽማግሌው ዞረ። ውጭ መንገድ ላይ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል።

«እኔ ነኝ» አሉ አቶ ፊልጶስ፤ ድምፃቸው ስለደከመ የኋላዎቹ አንገታቸውን አሰገጉ። «አሥራ ሁለት አምጣ ተባልኩ። ለአቅመ ጦር የደረሱት አሥራ አንድ ነበሩ። ባላሟላ እኔን ያስሩኝ ነበር። የቀሩት ሁለት እኩያ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ዘመድኩን ነው።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ሌላው የራሴ ልጅ ነው።»

ኑኃሚን የአያቷ ወንድ ልጅ አንድ ብቻ እንደሆነ ታውቃለች። አባቷ ነው። ወረቀቷን አየች፤ ከዚያ ቀና አለች።

«ይህን ነጥብ ሰርዙልኝ» አለች።

«ክርክር ላይ ነጥብ ማሰረዝ አምስት ማርክ ያስቀንሳል» አለ ፈቃደ በዝግታ።

«ይቀነስ።»

አንድም ሰው አላጨበጨበም። ዑመይር እንኳ የመልስ ጊዜውን አልተጠቀመበትም፤ «ጨርሰናል» ብሎ ተቀመጠ።

ዳኞቹ ነጥብ እንዲሞሉ አምስት ደቂቃ ተሰጠ። አቶ ፊልጶስ ወረቀታቸውን ባዶውን አጥፈው ወደ ፈቃደ ገፉት። «እኔ የምዳኝበት ፊት የለኝም።» ሀብተጊዮርጊስ የራሱን ወረቀት ደጋግሞ አየው። በጦርነት ረድፍ ላይ ሦስት ጻፈ። በውጭ ግንኙነት ሰባት። የመጨረሻው ረድፍ «የተከራካሪው ሐቀኝነት» ይላል፤ ከአሥር ነው። የእናቱ ነጠላ መሬት ላይ ተነጥፎ ታየው። ልጅቷን አየ፤ ጥግ ይዛ፣ ጓደኞቿ ሲያባብሏት ዓይኗን ጠርጋ ደብተሯን እየሰበሰበች ነው። አሥር ጻፈ፤ ፈረመ።

የእነ ዑመይር ቡድን በሁለት ነጥብ አሸነፈ።

ግቢው በር ላይ ባጃጆች ተደርድረዋል። ሀብተጊዮርጊስ አንዱን ጠርቶ እግሩን ሲያነሣ ከኋላው የከዘራ ድምፅ ሰማ።

«ሀብተጊዮርጊስ።»

ዞረ። አቶ ፊልጶስ ብቻቸውን ናቸው። ፀሐዩ ላይ ቆመው ሲታዩ ሰባ ሰባት ዓመታቸውን ሁሉ የተሸከሙ ይመስላሉ።

«ይቅር በለኝ አልልህም። አፍም የለኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ልጁ… እንዴት ሆኖ ነው የሞተው? ሲሞት ነበርክ?»

ይህን እናቱም አልጠየቀችው። መስማት ስለፈራች፣ ሳትሰማ ሞተች። ሚስቱም አትጠይቀውም። ያን ሌሊት፣ ያን ተዳፋት፣ የዘመድኩንን የመጨረሻ ቃል ለአንድም ሰው ነግሮ አያውቅም። ቁጣው እንዳለ ነው፤ አልበረደም። ግን ጠያቂው መጥቷል።

«አባት፣ እንሂድ እንጂ!» አለ ባለባጃጁ።

ሀብተጊዮርጊስ እግሩን ከባጃጁ አወረደ።

«ሂድ አንተ» አለው። ወደ ሽማግሌው ዞሮም፣ «ቤትዎ ድረስ በእግር እንሂድ» አለ። «ነገሩ ረጅም ነው።»