ከአልጋ ላይ የሚከፈት በር

ሁንዴ በእናቱ አልጋ ጠርዝ ተቀምጦ የመዳብ ሽቦ ጫፍ በምላጭ ይፍቅ ነበር። የለበሰው ቫርኒሽ እንዲለቅ፣ መዳቡ ግን እንዳይሳሳ ቀስ ብሎ ነው የሚፍቀው። ሽቦው ከራስጌው ተነስቶ በመስኮቱ ይወጣና ዐሥራ አራት እርምጃ ተጉዞ ከግቢው የቆርቆሮ በር ይደርሳል።

እናቱ አደሴ ዳሌዋ ተሰብሮ ከተኛች ሦስት ወሯ ነው። እሱ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽኖች ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ሰኞ ጠዋት ለሁለት ወር ክፍለ ሀገር ሄዶ አዲስ ማሽን እንዲተክል ታዟል። ምግቧን ጎረቤታቸው ኡምሀኒ ልታመጣላት ተስማምታለች። የቀረው በሩ ነው። የሚዘጋው ከውስጥ ነው፤ ካልተዘጋ ደግሞ የሰፈሩ ፍየልም ሌባም ይገባበታል።

«ከውጭ ልቆልፈውና ቁልፉን ኡምሀኒ ትያዘው» ብሏት ነበር።

«ጎተራ ነኝ? በሕይወት ባለ ሰው ላይ ከውጭ አይቆለፍም። በሬ ላይ የመጣን ሰው ግባ የምለው እኔ ነኝ።»

ከአልጋዋ እስከ በሩ መቀርቀሪያ የተዘረጋ ገመድም ሞክሯል። የግቢው ተከራይ አሰፋች ገመዱን አይታ እርጥብ ብርድ ልብስ አሰጣችበት። በሩ ብርግድ አለ፤ ሁለት ፍየሎች ገብተው የጎመኑን መደብ ጨረሱ። ስለዚህ በመብራት ኃይል ይከፈት አለ። የግድግዳውን መብራት እንዳለ እርጥብ ቆርቆሮ ላይ ማሰር ደግሞ ሰው መግደል ነው፤ ኃይሉን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል።

የመንግሥት መደብር ሄደ። ሻጩ ጣሰው ቀና እንኳ አላለም።

«ትራንስፎርመር አለ?»

«ደብዳቤ አለ?»

«የምን ደብዳቤ?»

«የቀበሌ።»

ቀበሌ ሄደ። ጸሐፊው ቅጹን አገላበጠው። «ስኳር፣ ሳሙና፣ ጤፍ፣ ክብሪት። ትራንስፎርመር የሚል መስመር የለውም።» ግማሽ ቀን ከተለመነ በኋላ ሳሙና ከሚለው ሥር በእስክሪብቶ ጨመረለት። ጣሰው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበ፤ ማኅተሙን ወደ ብርሃን አዞረ።

«ደብዳቤው ትክክል ነው።»

«እና?»

«ትራንስፎርመር የለም። ካቻምና ነው ያለቀው።»

«ታዲያ ለምን ላክኸኝ?»

«ጓድ፣ ያለ ደብዳቤ የለም ማለትም አንችልም እኮ።»

ሁንዴ ጥርሱን ነክሶ ወጣ። ያዳነው የኡምሀኒ ባል ደርዊሽ ነው፤ የወሎ ሰው፣ የጭነት መኪና ሾፌር። መኪናው ጎማ አጥታ ከቆመች ወር ሆኗታል። ሞተሯን የሚያስነሳውን የሞተሪኖዋን ማግኔት ፈትቶ ከባትሪዋ ጋር አዋሰው። «ወላሂ፣ ይቺ ማግኔት እንኳን በርህን አንተንም ታነሳለች» አለው።

ሁንዴ ሽቦውን ፍቆ ጨረሰና አሰረው። ሐሙስ ማታ ተሞከረ። አደሴ ከራስጌዋ የተገጠመውን መጫኛ ቁልፍ ነካ ስታደርገው መቀርቀሪያው እንደ ጥይት ወጣ። ዓርብ ከሥራ ሲመለስ ግን ባትሪው ሞቷል።

«እማ፣ ስንት ጊዜ ከፈትሽ?»

«ሰው በመጣ ቁጥር።»

«ማን መጣ?»

«አሰፋች መጣች። ወጣች። ነጠላዋን ረስታ ተመለሰች። ከዚያ አንድ ሰው ውጭ ሲያስል ሰማሁ...»

«ለሳል ከፈትሽ?»

«ምናልባት አፍሮ ይሆናላ!»

ሁንዴ ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። ባትሪ የሚሞላበት ጋራዥ ደግሞ አሲድ የለንም ብሎ ዘግቷል።

ቅዳሜ ፋብሪካ ውስጥ እንደተናደደ ከአንድ ማሽን ፊት ቆሞ ሳለ ክር ተበጠሰ። በክሩ ላይ የተንጠለጠለችው ስስ ብረት ወደቀች፤ ጣት የምታክል ማግኔት ቀጭ አለች፤ ያ ሁሉ የሚንጓጓ ብረት ቀጥ አለ። ሁንዴ ዘጠኝ ዓመት ያየው ነገር ነው። ማግኔቷ ማሽኑን አልገታችም፤ የተወጠረ ሞላ ነው የለቀቀችው። «ደደብ» አለ ጮክ ብሎ። ባልደረባው መገርሳ ዞር አለ። «አንተን አይደለም» አለው።

የፈረቃ ኃላፊውን አስፈቅዶ ከተቃጠሉት ትንንሽ ማግኔቶች አንዷን ወሰደና ሽቦዋን በእጁ እንደገና ጠመጠመላት። እሑድ በሩ ላይ ሞላና ትንሽ መንጠቆ ገጠመ። አሁን የሚወጣው ሰው በሩን ስቦ ሲዘጋው ሞላው ይወጠራል፤ መንጠቆው ይይዘዋል። ማግኔቷ መንጠቆውን ብቻ ታነሳለች፤ በሩን የሚከፍተው ሞላው ነው። ለዚህ አራት የባትሪ ድንጋይ ይበቃል።

ድንጋይ ግን በሰፈራቸው በቃሊቲ ሱቆች ሁሉ የለም። ያለው እናቱ ትራስ አጠገብ፣ ሬዲዮው ውስጥ ነው። ሁንዴ ሬዲዮውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

«አውጣው» አለች አደሴ።

«ሁለት ወር እኮ ነው እማ። ብቻሽን፣ ያለ ድምፅ...»

«እሱ አንድ ቀን አደሴ እንዴት አደርሽ ብሎኝ ያውቃል?»

«ዜናውስ?»

«ኡምሀኒ ትነግረኛለች። መግባት ከቻለች።»

አወጣው። ከሰዓት በኋላ ከውጭ የኡምሀኒ ድምፅ ተሰማ። «ቤቶች! እማማ አደሴ!» አደሴ ሻሿን አስተካከለች፤ ተጫነች። ቀጭ። በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ።

«ግቢ፣ ልጄ!» አለች፤ ድምፅዋ ከበሩ አልፎ መንገድ ወጣ።

ኡምሀኒ ሳህኑን አስቀምጣ፣ ጥቂት አውርታ ስትወጣ «ጠበቅ አድርገሽ ሳቢው!» አላት ሁንዴ። በሩ ተዘጋ፤ መንጠቆው ያዘ። ወዲያው ቀጭ አለና ተከፈተ።

«እማ!»

«መዘጋቱን ላየው ብዬ ነው።»

«እንዳትነኪው! ድንጋዩ ያልቃል አልኩሽ!»

«እሺ። አትጩህ።»

ሁንዴ ዐሥራ አራቱን እርምጃ እያጉረመረመ ሄዶ በሩን ሳበው። ከዘይት ቆርቆሮ የቆረጠውን ክዳን ዝናብ እንዳያገኛት ከማግኔቷ በላይ ገጠመው። አራተኛውን ብሎን አጠበቀ፤ ካቻቢቴውን በጨርቅ ጠርጎ ጠቀለለና ነገ ከሚይዘው ሻንጣ ውስጥ ከተተው።