የ«አስቀምጪልኝ» መደርደሪያ

የልብስ ሱቅ ባለቤቷን ሰፈሩ በሙሉ «አደራ» ብሎ ነው የሚጠራት። ስሙን ያወጣላት ከመስታወቱ ጀርባ ያለው መደርደሪያ ነው። ቀሚስ ለክታ የወደደች፣ ግን በዚያው ቀን ልትወስደው ያልቻለች ሴት «አስቀምጪልኝ» ትላለች፤ አደራም በወረቀት ጠቅልላ፣ ስምና ስልክ ጽፋ ታስቀምጥላታለች። እስከ መቼ ብላ ጠይቃ አታውቅም። ሱቁን ያወረሷት አማቷ በዚህ ነገር ቀልድ አልነበራቸውም። ልብስ ያስቀመጠችን ሴት «መቼ ትወስጂዋለሽ?» ማለት እሳቸው ዘንድ ነውር ነው፣ ሰው ማሳፈር ነው። አደራም ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ባለቀሚሶቹን መንገድ ላይ ስታገኝ ስለ ልጅ፣ ስለ ጉንፋን አውርታ ታልፋለች እንጂ ስለ ልብሱ ትንፍሽ አትልም።

ዘንድሮ ሕንፃው ሊፈርስ ነው ተባለ። በኮምፒውተር ሥራ የምትተዳደረው የእህቷ ልጅ «ሱቁን ኢንተርኔት ላይ እናውጣው» አለችና የመሸጫ ሶፍትዌር ፍለጋ ገባች፤ ሦስት መረጠች፣ ለሙከራ። ስለ ፎቶው፣ ስለ ማድረሻው፣ ስለ አከፋፈሉ ብትዘረዝር አደራ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። እሷ የያዘችው አንድ ጥያቄ ነው፤ ገዢዋ መርጣ ኢንተርኔቱ ላይ ቅርጫት ውስጥ ያስገባችውን ልብስ ሶፍትዌሩ ምን ያህል ጊዜ ያቆይላታል? የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ብቻ ነበር። አደራ ሳቀች፤ እሷ ጋ ሩብ ሰዓት ከመስታወቱ ፊት ዞር ዞር ለማለትም አይበቃም። ሁለተኛው አንድ ቀን ያቆያል። ሦስተኛው ግን ገደብ የለውም።

ልቧ እሱ ላይ አረፈ። እስኪ ይሞከር ብላ የመደርደሪያውን አሥራ ዘጠኝ ጥቅል ከነስሙ ከነስልኩ፣ ፊደሉን በአንድ ጣቷ እየለቀመች፣ ሦስት ቀን ፈጅታ አስገባች። ጥቅል በፈታች ቁጥር የድሮው ይመጣባታል። ይቺን ያስቀመጠችው ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ልጁ ዛሬ ጺም አውጥቷል። የዚያን ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ ደረጃው በሴት ይሞላ ነበር፤ አማቷ መርፌ በከንፈራቸው ይዘው፣ ባይናቸው ብቻ ያዝዟት ነበር። ናፈቋት። ያን ሁሉ ጫጫታ ደግማ እንደማትሰማው ስታስበው ሆድ ባሳት።

ሐሙስ ጠዋት ስልኳ ጮኸ፤ ደግሞ ጮኸ። ለካ ሶፍትዌሩ ማንንም ሳይጠይቅ ለአሥራ ዘጠኙም መልእክት ልኳል፦ «የረሱት ዕቃ አለ! ሳያልቅ ይውሰዱ!»

አደራ ክው አለች። የእህቷ ልጅ መልእክቱ የሚዘጋበትን ቦታ ሳታየው እንደቀረች በስልክ ነገረቻት። ከሁሉ ያንገበገባት «ሳያልቅ» የምትለዋ ናት። እሷ አንድም ቀን የሰው ቀሚስ ለሌላ ሸጣ አታውቅም።

«ሰው አምኖኝ ያስቀመጠውን አደባባይ አወጣሁት» አለች። «ይቅርብኝ። ሱቁም ከሕንፃው ጋር ይፍረስ። ማታ ነይና አጥፊልኝ።»

ይቅርታ ልትል በየተራ ደወለች። የሰባቱ ስልክ አይሠራም። ሦስቱ ሳቁላት፤ ስምንቱ አላነሱም። ሰማያዊ ቀሚስ ያስቀመጠች የቀድሞ ጎረቤቷ ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ዘጋችባት። ከስድብ የከፋ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ደረጃውን ወጣች። በእጇ የያዘችው ያረጀ ስልክ የእናቷ ነው። እናቷ ከሞተች አራት ዓመቷ፤ ቁጥሩን ማዘጋት አላስችል ብሏት እስከ ዛሬ ቻርጅ ታደርገዋለች።

«እናቴ የረሳችው ዕቃ ምንድን ነው?» አለች።

የእናቷን ስም ስትነግራት አደራ አልጠፋትም። ጥቅሉን አውርዳ ፈታችላት፤ ነጫጭ ቁልፍ ያለው ቢጫ ቀሚስ ነው።

«ተሳስተዋል» አለች እንግዳዋ። «እናቴ አባቴ ከሞተ ወዲህ ከጥቁር በቀር ለብሳ አታውቅም።»

«ለራሷ ነው የለካችው» አለች አደራ። «መስታወቱ ፊት ዞር ዞር አለችና ሳቀች፣ እኔንም አሳቀችኝ። ‹ልጄ ጉድ ትለኛለች። እስክደፍር ድረስ አስቀምጪልኝ› አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስንቴ መንገድ ላይ አግኝቻታለሁ።» የቀረውን መናገር አቃታት። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን «ቀሚስሽስ?» ብትላት ኖሮ።

እንግዳዋ ቀሚሱን ትከሻውን ይዛ ብዙ ቆመች። ቁመቱን የእናቷን ያህል ከፍ አድርጋ ነው የያዘችው።

«ጉድ አልልም ነበር» አለች። «ደስ ነበር የሚለኝ።»

ቀሚሱን ሳትጠቀልለው፣ ክንዷ ላይ አድርጋ ወረደች። አደራ የእግሯ ድምፅ ከደረጃው እስኪጠፋ ድረስ አለቀሰች።

አመሻሹ ላይ የእህቷ ልጅ ሶፍትዌሩን ልታጠፋ መጣች። አደራ እጇን ያዘቻት። ይሄኛው ይሁን፣ መልእክቱም አይዘጋ፤ ቃሉን ግን እኔ እነግርሻለሁ አለቻት። ከዚያ የዘጋችባት ጎረቤቷ ጋ መልሳ ደወለች። ብዙ ጠራ።

«አትዝጊብኝ» አለች ሲነሳ። «ስለ ጠዋቱ አይደለም። ያ ሰማያዊ በጣም ነበር ያማረብሽ፤ እስከ ዛሬ ሳልነግርሽ። ነገ ነይና ልበሺው።»